የመጠጥ ጌም ምኑ ነው እንዲህ የሚጥመን?

ቀበና ማዶ · ሐሙስ ማታ 3፡40

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞር ነገር አለና እስቲ እናውራበት። እኛ ሰባት ልጆች ነን፣ አርብ አርብ ከስራ ስንወጣ አራት ኪሎ አንዱ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ድሮ ካዛንቺስ አንድ ጠባብ ግሮሰሪ ነበረችን፣ ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም አብራ ሄደች፣ ቢራም ሦስት ዲጂት ስለገባ ቤት ይሻለናል ብለን ገባን። መጀመሪያ አካባቢ እንዲሁ ነበር የምንጠጣው። እንዲሁ ስል በቃ ሁሉም ስልኩን ይዞ፣ አንዱ ቲክቶክ ያሳያል እንስቃለን፣ ከዛ ዝም፣ ከዛ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ከዛ ዝም፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ራይድ ጥሩልኝ።

ክረምት ላይ አንዷ ልጅ ካርታ ይዛ መጣችና ኪንግስ ካፕ አስተማረችን። ለማታውቁት፦ መሀል ላይ ባዶ ብርጭቆ ታስቀምጣለህ፣ ካርታውን ዙሪያውን ፊቱን ደፍተህ ትበትነዋለህ፣ በተራ አንድ አንድ ታነሳለህ፣ እያንዳንዱ ካርታ የራሱ ህግ አለው። ሁለት ያነሳ የፈለገውን ሰው ያስጠጣል፣ ሦስት ያነሳ ራሱ ይጠጣል፣ ሰባት ከመጣ ሁሉም እጁን ወደ ሰማይ፣ መጨረሻ ያነሳ ይቀጣል። ንጉሱን ያወጣ ደግሞ ከራሱ መጠጥ መሀለኛው ብርጭቆ ላይ ያፈሳል፣ አራተኛውን ንጉስ ያወጣ ዕድለ ቢስ ያንን ጉድ ይጨልጠዋል። እኛ ጋ ቢራ፣ ጂን፣ ሚሪንዳና አንድ ጊዜ ምስር ወጥ ገብቶበታል፣ እንዴት እንደገባ አትጠይቁኝ።

ከዛ ቀን ወዲህ አርብ የቀረ ሰው የለም። እና ጥያቄዬ፣ መጠጡ ያው ነው፣ ሰዎቹ ያው፣ ወንበሩ ራሱ ያው። ካርታ ሲጨመርበት ምንድነው የሚቀየረው? ደግሞ ቅጣት እኮ ነው፣ ሰው ለቅጣት እንዲህ ይንሰፈሰፋል?

ቆሎ በነጻ · 3፡52

ቅጣቱ ቢራ ከሆነ እኔ ጥፋተኛ ነኝ ፍርድ ቤት አታመላልሱኝ ሃሃሃ

የኛን ልንገርህ። የሁለት ሰዓቱን ዜና እንከፍታለን። አንባቢው «አያይዘውም» ባለ ቁጥር አንድ ፉት። «ቁልፍ ሚና» ካለ ሁለት። «የአንበሳውን ድርሻ» ካለ ብርጭቆው ይገለበጣል። ስፖርት ሳይደርስ ነው የምንወድቀው፣ እኛ ቤት የአየር ሁኔታ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ምን አለበት · 3፡55

«አያይዘውም» ላይ ሞቻለሁ። በአንድ ዜና ስድስቴ የሰማሁበት ቀን አለ፣ ጉበትህን እግዜር ይጠብቀው

ሚጡ ዘአራት ኪሎ · 4፡10

ቀበና ማዶ እኔ ይሄን ነገር አስቤበት አውቃለሁ። ሰው መሀል ስገባ ምን እንደምል የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። ዝም ካልኩ «ምን ሆነሽ ነው? ደበረሽ?» ይሉኛል፣ ካወራሁ ደግሞ የገዛ ድምፄ ያሳፍረኛል። ጌም ሲኖር ግን ተራ አለ። ተራሽ ሲደርስ ታወሪያለሽ ሲያልፍ ዝም ብትዪ ማንም ምን ሆነሽ አይልሽም። ለኔ ከመጠጡ በላይ እሷ ናት የምታሳርፈኝ።

ቡናም እኮ እንደዛ ነው። ቡና ሲፈላ ለምንድነው ወሬው የሚደምቀው? ስራ አለ፣ ይታጠባል ይቆላል ይሸተታል ይወቀጣል፣ አቦል ቶና በረካ፣ ሰው እጁና አይኑ የሚያርፍበት ነገር ሲያገኝ አፉ ይፈታል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተፋጠህ «እሺ እንጫወት» ብትል ማን ይጫወታል። (እናቴ ቡና ሳይፈላ ቁም ነገር አውርታኝ አታውቅም፣ ምርቃቴም ቁጣዬም ሁለተኛው ላይ ነው የሚመጣው።)

ሼባው ከዶሮ ማነቂያ · 4፡48

ልጆች እንዴት አመሻችሁ። እኔ እዚህ የማነብ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ዕድሜዬም ከብዙዎቻችሁ አባት ሳይበልጥ አይቀርም። ግን ጨዋታውን ሁሉ ከካርታ እንደተማራችሁት አድርጋችሁ ስታወሩ ዝም ማለት አቃተኝ።

ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ በፊት እዛ አንድ ጠጅ ቤት ነበረችን። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ የጠቆረ ጣሪያ፣ አሳላፊው ብርሌዎቹን አንገት አንገታቸውን ይዞ እያንኳኳ መጥቶ «ደረቅ ነው ለስላሳ?» ይልሃል። ለስላሳ ያለ ይሳቅበታል፣ ግን የዋህ የሚወድቀው በለስላሳው ነው፣ ማር ማር እያለ ይገባና ልነሳ ስትል እግርህ የማን እንደሆነ ይጠፋሃል። እዛ ቤት ዝም ብሎ መጠጣት ነውር ነበር። እንካ ስላንትያ እንገጥም ነበር፣ መልስ ያጣ የሚቀጥለውን ብርሌ ይገዛል፦

እንካ ስላንትያ!
በምን ትያ?
በብርሌ።
ምን አለህ በብርሌ?
ጠጁ ሲቀዳማ ትዘፍናለህ ሆ ሌ ሌ፣
ሂሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት ነህ ሁሌ።

ይቺ ለአንድ ወዳጃችን የተባለች ናት፣ ነፍሱን ይማርና እውነትም ሂሳብ ሲመጣ አይገኝም ነበር። ያን ማታ ከፈለ። ፊት ለፊት «አንተ ቋጣሪ» ብትለው ኖሮ ድብድብ ነበር፣ በግጥም ስለመጣበት ስቆ ከፈለ፣ ከዚያም ወዲያ አንድ ሁለቴ ከፍሏል።

እንቆቅልሽስ? ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎጃምን ሰጠሁህ ይላል። ጠያቂው ጎጃም ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሁሉ በጁ ሁሉ በደጁ ሆኖለት፣ ተሸናፊውን እንዳሻው ሲዘልፈው ያመሽና ነው መልሱን የሚነግረው። የናንተ ቅጣት መጠጥ ነው። የኛ አገር ነበር።

ቆሎ በነጻ · 4፡55

ጋሼ «የኛ አገር ነበር» ብለው በአንድ መስመር ገደሉን። «ሽንት ቤት ነህ ሁሌ»ን ደግሞ ነገ ለአንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም እልክለታለሁ እሱ ራሱን ያውቃል

ደረቅ እውነት · 5፡20

ሁላችሁም ውብ ውብ አድርጋችሁ አወራችሁ እኔ ሙዱን ላበላሸው። ጌም ማለት ከሰው ላይ እምቢታን መውሰጃ ነው። ያለ ጌም «በቃኝ» ትላለህ ያልቃል። ጌም ላይ «በቃኝ» ካልክ ጨዋታ አበላሽ ነህ፣ ድሮም ደባሪ ነህ፣ ባትመጣስ። እኛ ሃበሾች ደግሞ በዚህ ማንም አይስተካከለንም። «በሞቴ» ምንድነው? «አፈር ስሆን» ምንድነው? ጉርሻ ሰጥቶህ «አንድ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን የሚጠቀልልህ አጎትህ ህግ አልጻፈም ካርታ አላነሳም፣ ግን እምቢ ካልክ የተሸነፍከው አንተ ነህ።

የድሮ መስሪያ ቤቴ፣ ስሙ ይቅር፣ የዓመት መዝጊያ ግብዣ ላይ አለቃችን ጠርሙስ እያሽከረከረ አፉ የዞረበትን ያስጠጣ ነበር። ጠርሙሱ ራሱ ላይ ሲቆም «ይሄ ሙከራ ነው» ይልና ደግሞ ያሽከረክረዋል። ማን ይናገረዋል? የደሞዝ ጭማሪ የሚፈርመው እሱ ነው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጥቼ ሳቅኩ። በማግስቱ «ትናንት ፈታ ብለህ ነበር አይደል» አለኝ። አዎ አልኩት። ስለዚ እኔ ጋ ጌም ምናምን አትበሉ።

ሚጡ ዘአራት ኪሎ · 5፡31

ኡፍ። ይሄን በማንበቤ ራሱ አመመኝ። ግን ደረቅዬ ያ እኮ ጌም አልነበረም፣ ጠርሙሱ አለቃውን ካልነካ ምኑን ጌም ሆነ? ኪንግስ ካፕ ላይ ዳይሬክተርም ይሁን ተለማማጅ አራተኛው ንጉስ ከደረሰው ምስር ወጥ ያለበትን ይጠጣታል። እሱ ነው ደስ የሚለው፣ በሌላው ሰዓት አለቃህን ምን ታደርገዋለህ

ደረቅ እውነት · 5፡36

አንቺ ሰፈር አለቃ እንደዛ ይሆናል። እኔ አላየሁም።

ቀበና ማዶ · 5፡58

ደረቅ እውነት የምትለው ልክ ነው አልከራከርህም። ግን ጥያቄውን ያነሳሁበትን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሆን ብዬ ዘልዬው ነው።

ባለፈው አርብ «በህይወቴ አላውቅም» የሚባለውን እየተጫወትን ነበር። አንዱ «በህይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም» ይላል፣ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ፉት ይላል፣ በቃ ህጉ ይሄው ነው። «ታክሲ ሳልከፍል ወርጄ አላውቅም»፣ «ሳልጠራ ሰርግ ገብቼ አላውቅም» ምናምን እያልን፣ ሁለቱም ላይ አራት አራት ሰው እየጠጣ፣ አንዷ እንደ ቀልድ «የሞተ ሰው ስልክ ላይ ደውዬ አላውቅም» አለች። ሳቅን። መስሪያ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ብርጭቆውን አነሳና ፉት አለ።

አባቱ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። ክፍለ ሀገር ስለሆነ ለማንም ሳይናገር ሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ ቀብሮ ተመለሰ፣ እኛ ደግሞ «ጉዞ እንዴት ነበር» ብለነዋል፣ እኔ ራሴ «ቅቤ አላመጣህልንም እንዴ» ብዬዋለሁ። እስካሁን እሁድ እሁድ ይደውላል። «የደወሉላቸው ደንበኛ...» ስትል ይዘጋዋል።

አስቡት እንግዲህ፣ እኔ ጎረቤት የማያውቀውን ሰው ለቅሶ የሚደርስ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ጎኔ ያለውን ልጅ ለቅሶ አልደረስኩም። ተጠይቆ ቢሆን ደግሞ አይናገረውም። «ምንም አልሆንኩም፣ ደክሞኝ ነው» ይልሃል። አንዲት ፉት ሆና ነው የወጣችው።

ቆሎ በነጻ · 6፡04

ቀልዴን ሁሉ መለስኩ

ደረቅ እውነት · 6፡15

እሺ። እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ለቅሶ ድረሱት ግን፣ ዓመት አለፈ አትበሉ።

ቀበና ማዶ · 6፡18

እሁድ ስድስታችንም ቤቱ ሄድን። የአባቱን ፎቶ ከቁምሳጥን አውጥቶ አሳየን፣ ቁርጥ እሱን።

ሌሊት ተረኛ · አርብ ጠዋት 1፡30

ከስራ እየወጣሁ ነው ያነበብኩት። ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ቅዳሜ ሌሊት የናንተን ጌም ውጤት የምቀበለው እኔ ነኝ። አትጫወቱ አልልም እኔም እጫወታለሁ፣ ግን ጌም ላይ «አንድ ጠጣ» ሲባል ያቺ «አንድ» ውሸታም ናት። ባለ 330 ሚሊ ቢራ 5 በመቶ ቢሆን ውስጡ 16 ሚሊ ተኩል ገደማ ንጹህ አልኮል አለ። አረቄ ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል፣ ዳግም (ሁለቴ የወጣው) ከሆነማ ያልፈዋል፣ ስለዚህ 40 ሚሊ የምትይዝ መለኪያ አንዷ ራሷን የቻለች ቢራ ናት። ሰዉ ቢራ ይዞ የጀመረውን ህግ እኩለ ሌሊት ላይ ቢራው ሲያልቅ በዛው ህግ አረቄ ያስገባበታል፣ እዛ ጋ ነው የሚበላሸው።

ጉበት ደግሞ ተራ አይጠብቅልህም አይቸኩልልህም። በሰዓት አንድ ቢራ ያህል ቢያስወግድ ነው። ቡና አያፈጥነውም፣ ቀዝቃዛ ሻወር አያፈጥነውም። ቀድመህ ከበላህ ወደ ደም የሚገባበትን ያዘገየዋል፣ ጠጥተህ ከወደቅክ በኋላ በሽሮ አፍህን ቢሞሉት ግን ትርጉም የለውም፣ ሊያንቅህም ይችላል። ጌም ላይ አደጋው ፍጥነቱ ነው፣ የመጀመሪያዋ ሳትሰማህ አምስተኛዋ ሆድህ ውስጥ ናት።

ሰክሮ የተኛን ሰው በጀርባው አታስተኙት፣ በጎኑ፣ ብቻውንም አትተዉት። ቀስቅሳችሁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይ በጣም ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ «ይተኛበት ይለቀዋል» የሚባል ነገር የለም፣ ወደ ሆስፒታል ነው። መኪና የያዘ ሰው ደግሞ የጌሙ ዳኛ ይሁን። ዳኛ የሚጣፍጥ ስራ ነው፣ ሌላውን መቅጣት ብቻ ነው።

ስድስት ኪሎ ዶርም · 2፡05

እኔ 19 ነኝ እኛም ዶርም ውስጥ እንጫወታለን፣ ለኛ የሚሆን ምክር የለም?

ሌሊት ተረኛ · 2፡11

አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን ያስወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ አንተ ለሁለት ዓመት ዳኛ ነህ፣ እንኳን ደስ ያለህ።

ምን አለበት · 2፡14

ሃሃሃ ህጻኑን ዳኛ አደረገችው

አምቦ ውሃ · 4፡40

እኔ ሙስሊም ነኝ አልጠጣም፣ ግን ከሰፈር ልጆች ጌም ቀርቼ አላውቅም፣ መርካቶ ተወልጄ ፒያሳ ነው ያደግኩት፣ ከረምቡላ ቤት ሁሉ አብረን ነን። መጀመሪያ ላይ ቅጣት ሲደርሰኝ አምቦ ውሃ እጠጣ ነበር። «ይሄማ መስተንግዶ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዛ ቃሪያ መጣ። እኔ ከተሸነፍኩ ከነፍሬው አንድ ንክሻ።

አሁን ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ጠጪዎች በፈቃዳቸው ከቢራ ወደ ቃሪያ ዞሩ። ምክንያቱም ቢራ የጠጣ ሰው ፊት ምን ያስቃል? ቃሪያ የነከሰ ሰው ግን አይኑ ይፈጣል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ «ምንም አይልም ምንም አይልም» እያለ ጣሪያውን ያያል። ሰው ሲቀጣ ማየት ነው የሚያስቀው ጌታዬ። ጨዋታው ያለ መጠጥ ቆመ እኛ ጋ። መጠጡ ያለ ጨዋታ ሲሆን ምን እንደሚመስል ቀበና ማዶ ራሱ ጽፎታል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ራይድ ጥሩልኝ ነው።

ደረቅ እውነት · 4፡52

ጎበዝ። ግን ቃሪያ ነክሰህ አባቴ ሞቷል አትልም። መጠጡ ራሱ የሚፈታው ነገር አለ አንካካድ።

አምቦ ውሃ · 4፡55

እንዴት አልልም? እንደውም ማልቀሻ ሰበብ አለኝ

ሚጡ ዘአራት ኪሎ · 4፡57

ይሄን ክር ያሸነፈው ሰው ተገኝቷል፣ መብራት አጥፍታችሁ ውጡ

የቸርችል ጎዳናዋ · 7፡20

ሁላችሁም የ«በህይወቴ አላውቅም»ን ደግ ደጉን አወራችሁ እኔ ሌላውን ጎን ላምጣው። ተማሪ እያለሁ ስድስት ወንድ ሁለት ሴት ሆነን ስንጫወት፣ ዙሩ በሄደ ቁጥር ጥያቄው እየጠበበ እየጠበበ እኛ ሁለታችን ላይ መጣ። ወንዶቹ «ላፕቶፕ ሰብሬ አላውቅም» ይባባላሉ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ብንጠጣ ወሬ ነው ባንጠጣ «ውሸታሞች» ነን። በሳምንቱ የጠጣሁባት አንዲት ነገር ካፌ ውስጥ ከማላውቀው ልጅ አፍ ሰማኋት። ከዛ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ጌም ሲባል ቦርሳዬን ነበር የማነሳው።

አሁን ከሴት ጓደኞቼ ጋር ነው የምጫወተው፣ ህጋችን ሦስት ፓስ በነጻ ነው። ፓስ ያልሽበትን ለምን የሚል ሰው ሁለት እጥፍ ይጠጣል። የሚገርመው ፓስ ስላለ ነው መሰለኝ ማንም ፓስ አይልም። በሩ ክፍት ከሆነ ትቀመጫለሽ እኮ፣ ሲቆለፍብሽ ነው መውጣት የሚያምርሽ።

ቀበና ማዶ · 7፡34

የፓስ ህጓን ዛሬ ማታ አስገባታለሁ እህቴ። ሰረቅኩሽ።

አሮጌ መጽሐፍ · 8፡15

በነገራችን ላይ ነገሩ ያረጀ ያፈጀ ነው። የጥንት ግሪኮች ኮታቦስ የሚሉት ጨዋታ ነበራቸው፣ ከሲሲሊ የመጣ ነው። ተጋድመው ወይን ጠጥተው ዋንጫው ስር የቀረችውን አተላ፣ ጣታቸውን በጆሮው አስገብተው አሽከርክረው ወደ ኢላማ ይወረውሯታል፣ ሲወረውሩ የሚወዱትን ሰው ስም ይጠራሉ። የሚወረውሩ ሰዎች ስዕል ያለባቸው የሸክላ ዕቃዎች ከ2,400 ዓመት በላይ ሆኗቸው ሙዚየም ተቀምጠዋል። እንግዲህ ሳሎኑን ማን እንደሚያጸዳው አስቡት። ቻይናዎች ደግሞ ሁለት ሰው በአንዴ ጣቱን ያወጣና ድምሩን እየጮኸ ይገምታል፣ የተሸነፈ ይጠጣል፣ መሳሪያ አይፈልግ ካርታ አይፈልግ።

እና ካፌው ሁሉ ያላት ጄንጋ፣ ከተደረደረ የሳንቃ ግንብ ሳይፈርስ አንድ አንድ የሚመዘዝባት፣ እኛ ፍሬንዶች ሳንቃዎቹ ላይ በስክሪፕቶ ቅጣት ጽፈንባት የምንጫወታት፣ ስሟ ስዋሂሊ ነው፣ «መገንባት» ከሚለው ቃል የመጣ። ሌስሊ ስኮት የምትባል ምስራቅ አፍሪካ ያደገች እንግሊዛዊት ናት በ1983 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለገበያ ያቀረበቻት። እኛ ግንቡ ሲፈርስ ነው የምንጠጣው፣ ስሟ ግን መገንባት ነው ሃሃ።

ቆሎ በነጻ · 8፡19

እዚህ ከተማ ግንብ በፈረሰ ቁጥር የሚጠጣ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሌሊት ተረኛ ጋ ነበርን

ልጅ እግር · 8፡26

የጽዋ ማህበርም እኮ ጌም ነው ስታስቡት፣ ጽዋው በተራ ይዞራል፣ ያረፈደ ይቀጣል...

የቅዳሜ ሰንበቴ · 8፡30

ወንድሜ ጽዋን እዚህ አታስገባ። እሱ በቅዱሱ ስም ነው፣ ጸሎት አለው፣ የስካር ነገር የለበትም።

ልጅ እግር · 8፡33

ይቅርታ፣ ማለቴ ተራው ነው። ስካሩን አላልኩም። እናቴም ማህበርተኛ ናት፣ ይሄን ብታነብ ዛሬ ቤት አላድርም

የቅዳሜ ሰንበቴ · 8፡35

ይሁን ገብቶኛል።

ሼባው ከዶሮ ማነቂያ · 9፡02

ያ አተላ የሚወራወሩት ግሪኮች ጠጅ ቤታችን ቢመጡ አሳላፊው በጆሯቸው ይዞ ያስወጣቸው ነበር።

ምን አለበት · 9፡10

የኛ ጌም አጭር ናት፣ አርሰናል ሲጫወት ዲኤስቲቪ ቤት ገብተህ ጎል በገባበት ቁጥር ደጋፊው ይጠጣል። ጌሙን ያወጣነው እኛ የማንቼ ደጋፊዎች ነበርን፣ አሁን ህጉ ወደ ራሳችን ዞሮብን ሐኪም አቁሙ ብሎናል

ቀበና ማዶ · ቅዳሜ ቀን 6፡45

ተነሳሁ። ራሴ ላይ ወፍጮ ቤት ተከፍቷል ግን ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ጋሼ የርስዎን ሞከርነው። ካርታው አንድ ዙር ከሄደ በኋላ አስቀመጥነውና እንቆቅልሽ ገባን። ህጉ፣ ያላወቀ ወይ ይጠጣል ወይ አገር ይሰጣል። የቸርችል ጎዳናዋን ፓስም አስገባን፣ እውነትም ማንም አልተጠቀመባትም። አንድ ነገር ጨመርንበት፣ የምትሰጠው አገር ኖረህበት የምታውቀው ቦታ መሆን አለበት ብለን። መጀመሪያ የተሸነፈው ልጅ «ካዛንቺስን ሰጠሁሽ» አላት። «ፈርሷል ሌላ ስጠኝ» አለችው። «እሺ ዶሮ ማነቂያ»። «እሱም ፈርሷል»። ትንሽ አሰበና ብርጭቆውን ገፋላት፣ «በቃ ቅጂልኝ፣ አገር አልቆብኛል»።

ከዛ ያ የነገርኳችሁ ልጅ ተሸነፈ። የአባቱን ቀበሌ ሰጠ፣ ስሟን ሰምተናት የማናውቅ። ወጉ ተሸናፊውን መስደብ ነው አይደል ጋሼ፣ ጠያቂዋ ግን አገሯን ገባችና፣ ጠላ ተቀዳልኝ፣ ማርም ቀመስኩ፣ አባትህን አገኘኋቸው ሰላም በይልኝ ብለውሃል አለችው። እኛ ብርጭቆ ብርጭቋችንን እያየን ነው። እሱ ደግሞ «ስልኩን ለምን አያነሳም ብለሽ አልጠየቅሽልኝም?» አላት። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ከዛማ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ማን ይነሳ፣ መጠጡ አምስት ሰዓት ላይ አልቆ በሻይ ነው የጨረስነው።

ደረቅ እውነት · 6፡58

አርብ የት ነው የምትሰበሰቡት

ቀበና ማዶ · 7፡01

በውስጥ መስመር ጻፍኩልህ። አለቃ ይዘህ እንዳትመጣ

ቆሎ በነጻ · 7፡05

ልጁን ያሸነፈችው እንቆቅልሽ ግን ምን ነበረች? እኔ ላውቃት እችላለሁ

ቀበና ማዶ · 7፡06

ራሷ የፈጠረቻት ናት። ሲሞላ ዝም ይላል፣ ሲጎድል ያስለፈልፋል።

ቆሎ በነጻ · 7፡07

ሆድ?

ቀበና ማዶ · 7፡07

አይደለም

ምን አለበት · 7፡08

ሚኒባስ? ሲሞላ ረዳቱ ዝም ይላል፣ ሲጎድል «ሜክሲኮ ሜክሲኮ»

ቀበና ማዶ · 7፡09

አይደለም ግን በጣም ቆንጆ ነበረች

ቆሎ በነጻ · 7፡15

እሺ በቃ ተሸነፍኩ። ንገረኝ

ሼባው ከዶሮ ማነቂያ · 7፡16

በነጻ የለም። አገር ስጥ ልጄ።

ቆሎ በነጻ · 7፡18

ቦሌን ሰጠሁዎት ጋሼ

ሼባው ከዶሮ ማነቂያ · 7፡20

ኪራዩን አልችለውም። ሌላ።